አስቀድማችሁ ቮልቱን ለኩ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ዝግጅት የማነሣው ጉዳይ ቤታቸውን እየጎተቱ የሚጓዙትን የሚመለከት ነው፤ እርሱም የፊፍዝ ዊል ተጎታች ቤት መብራት፣ ጋዝ፣ ውሃና ፍሬን እንዴት እንደሚጠበቁ፣ አንዱ ሲበላሽም ምክንያቱ እንዴት እንደሚፈለግ ነው። በዚህ በአሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ፤ መንዳቱን ካቆምሁ ወዲህ ደግሞ ከባለቤቴ ጋር የብርዱን ወራት የምናሳልፈው በፊፍዝ ዊል ውስጥ ነው። ለማያውቁት ልግለጽ፤ ይህ ተጎታች ቤት ከመኪናው በስተኋላ ባለ ኳስ ላይ የሚንጠለጠል ሳይሆን፣ በፒክአፑ መጫኛ ውስጥ በተተከለ መያዣ ላይ አንገቱን አስደግፎ የሚሄድ ነው፤ አያያዙም ከትልልቆቹ የጭነት ተሳቢዎች አያያዝ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ስለዚህ ከባድ መኪና ለነዳ ሰው መጎተቱ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ የሚሆንበት ቤቱ ራሱ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ያስተዋልሁት ነገር ቢኖር፣ አልሠራም የሚለው ዕቃና በእውነት የተበላሸው ዕቃ አንድ አለመሆናቸው ነው። ማሞቂያው አልለኮስ ሲል ጥፋቱ ባትሪው ጋ ይገኛል፤ ፍሪጁ ቀይ መብራት ሲያበራ ጥፋቱ የጋዝ ሲሊንደሩን በፍጥነት መክፈት ይሆናል፤ ሙቅ ውሃው ለብ ሲል ደግሞ ጥፋቱ ከቤቱ ውጭ ባለው ትንሽ የሻወር ቧንቧ ላይ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው ደህናውን ዕቃ እየነቀለ አዲስ ሲገዛ ይከርማል።

ነገሩ የሚጀምረው ከኤሌክትሪኩ ነው። በፊፍዝ ዊል ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለ። አንደኛው ከካምፑ ምሰሶ የሚመጣው የ120 ቮልት መስመር ሲሆን፣ አየር ማቀዝቀዣውን፣ ማይክሮዌቩንና ግድግዳው ላይ ያሉትን ሶኬቶች ያንቀሳቅሳል። ሁለተኛው ከባትሪው የሚነሣው የ12 ቮልት መስመር ነው፤ በመካከላቸውም ከምሰሶው የመጣውን ወደ 12 ቮልት እየለወጠ ባትሪውን የሚሞላ ኮንቨርተር የሚባል ዕቃ አለ። ብዙዎች ትልቁ 120 ነው ብለው ስለሚያስቡ 12ቱን ለመብራት አምፖል ብቻ የተሠራ አድርገው ይቆጥሩታል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የማሞቂያው ነፋሽና መለኮሻ፣ የውሃ ማሞቂያው መቆጣጠሪያ፣ በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ ካርድ (የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው)፣ የውሃው ፓምፕ፣ የሚወጣውና የሚገባው ክፍል ሞተር፣ የጋዝ ፍሳሽ ጠቋሚው፣ ሁሉም የሚታዘዙት ለ12 ቮልቱ ነው። ሲሊንደሩ በጋዝ ቢሞላ እንኳ ባትሪው ከደከመ ሌሊቱን በብርድ ማሳለፍ ነው።

አንድ ጊዜ ከፍላግስታፍ፣ አሪዞና፣ አንድ ወጣት የአገራችን ልጅ ደወለልኝ። ፍላግስታፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከአዲስ አበባ ጥቂት ብቻ ዝቅ የምትል ከተማ ናት፤ የብርዱ ወራት ሌሊቷ ግን ከአዲስ አበባ ሌሊት ጋር አይወዳደርም። «ጋሼ፣ ማሞቂያው ይነፋል እንጂ አይለኮስም። ጋዝ እንዳለ ምድጃውን አብርቼ አይቻለሁ፣ በደንብ ይነድዳል። ካርዱን ልግዛ ወይ?» አለኝ። እኔም «ቆይ ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት ነፋሹ እየዞረ ሳለ መጀመሪያ ባትሪው ራስ ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ማሞቂያው በር ሥር ገመዱ የሚገባበት ላይ ለካና ሁለቱን ቁጥሮች ንገረኝ» አልሁት። ባትሪው ላይ 12.4 አነበበ፤ ማሞቂያው ላይ ግን 10.3 ብቻ አገኘ። እንግዲህ ከባትሪው የወጣው ኃይል ማሞቂያው ሳይደርስ ሁለት ቮልት ያህል መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ ለምን ማሞቂያውን እንደሚያስቆመው ለመረዳት አሠራሩን በቅደም ተከተል ማወቅ ያስፈልጋል። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ በቅድሚያ የሚነሣው ነፋሹ ነው፤ ነፋሹ የሚፈጥረው ንፋስም አንዲት ስስ ቅጠል መሳይ ማብሪያ ገፍቶ ይዘጋል፤ ይህቺ ማብሪያ ካልተዘጋች ካርዱ ንፋስ እንደሌለ ስለሚቆጥር ጋዙን አይከፍትም፣ እሳት በታፈነ ሳጥን ውስጥ እንዳይነሣ ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበቃ ነውና። ንፋስ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ ጋዙን ከፍቶ ይለኩሳል፤ ነበልባል ካላየ ደግሞ ይዘጋል፣ ጥቂት ጊዜ ሞክሮም ያቆማል። ቮልቱ ሲያንስ ነፋሹ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ነገር ግን ቅጠሏን ለመግፋት የሚበቃ ንፋስ አይሰጥም። ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነፋሹን እየሰማ ኤሌክትሪኩ ደህና ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ከዚያም በጋዙ ወይም በካርዱ ላይ ያላክካል።

ልጁን የቮልት መለኪያውን፣ የመልቲሜትሩን፣ አንድ እግር በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በማሞቂያው ኔጌቲቭ ገመድ ላይ እንዲያደርግ ነገርሁት። ነፋሹ እየዞረ ሳለ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሊነበብ የሚገባው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነው፤ እርሱ ያነበበው 1.9 ነበር። ጥፋቱ በዚህ ታወቀ። ኔጌቲቩ ገመድ ከተጎታቹ የብረት አካል ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ከቀለሙ በላይ የተጠበቀ፣ ዙሪያውም የዛገ ሆኖ ተገኘ። ቡሎኑን ፈትቶ ብረቱን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ ፈግፍጎ መልሶ አጠበቀው፤ ማሞቂያውም ለኮሰ። የካርዱ ዋጋ ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ይህን የምተርከው የአለካክ ሥርዓቱን ለማሳየት ነው። ዕቃው ሳይሠራ የተለካ ቮልት ብዙ አይናገርም፤ የዛገ ማሰሪያም ቢሆን ምንም ጭነት ከሌለበት ሙሉውን ቮልት ያሳልፋልና። መለካት ያለበት ዕቃው እየሠራ ወይም ለመሥራት እየሞከረ ሳለ ነው፤ መጀመሪያ በምንጩ፣ ቀጥሎ በመድረሻው። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት የበለጠ ልዩነት ካለ ዕቃውን ትቶ መንገዱን መመርመር ይገባል፤ ፊዩዙን፣ ማብሪያውን፣ የገመዱን መጋጠሚያ፣ ከሁሉ አብልጦ ደግሞ ከአካሉ ጋር የሚታሰረውን ቡሎን።

ባትሪውን በተመለከተ፣ የተለመደው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ጥቂት ሰዓት ሲያርፍ 12.7 ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል፣ ከዚያ በታች አዘውትሮ ማውረድም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ስለዚህ 100 አምፔር ሰዓት ከተጻፈበት ባትሪ በደህና የምንጠቀመው 50 ያህሉን ነው። አንድ ትልቅ ማሞቂያ ነፋሹ ብቻ 8 አምፔር ሊስብ ይችላል፤ በአንድ ሌሊት በድምሩ አምስት ሰዓት ቢዞር 40 ወሰደ ማለት ነው። እኛ በምንከርምበት በአሪዞናዋ በኳርትዝሳይት ከተማ አጠገብ፣ ላ ፖሳ በሚባለው የመንግሥት መሬት፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ፈቃድ ገዝቶ መቆየት ይቻላል፤ በየማቆሚያው ግን የኤሌክትሪክ ምሰሶ የለም። በዚያ በረሃ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ ይህ ስሌት ለእኛ የዕለት ጉዳይ ነው። ወደ ሊቲየም የሚለውጡም ብዙ ናቸው፤ ሊቲየሙ እስከ መጨረሻው ድረስ ቮልቱን ብዙ ስለማይቀንስ ነፋሹ አይደክምበትም፣ ነገር ግን ቮልቱን በማየት ስንት እንደቀረ ማወቅ አይቻልምና የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልገዋል። ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታችም መሞላት የለበትም። አሮጌ ኮንቨርተር ደግሞ ሊቲየሙ የሚፈልገውን ከ14 በላይ የሆነ ቮልት ላይሰጠው ይችላል።

ስለ 120 ቮልቱ አጭር ነገር ልናገር። ባለ 30 አምፔሩ መሰኪያ አንድ መስመር ነው፣ 3,600 ዋት ይሰጣል፤ ባለ 50ው ግን ሁለት የ120 መስመሮች ስላሉት 12,000 ይደርሳል። በባለ 50ው ላይ የሚያስፈራው የሁለቱ መስመሮች የጋራ መመለሻ የሆነው የኒውትራል ገመድ መላላት ነው፤ ያን ጊዜ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው 240 ቮልት ሚዛኑን ሳይጠብቅ ስለሚከፋፈል በአንደኛው ወገን ያሉትን ዕቃዎች ያቃጥላል። የካምፑን ምሰሶ መርምሮ ጉድለት ሲያገኝ የሚቆርጥ መከላከያ መግዛት በእኔ አስተያየት ከቴሌቪዥንም ከሶፋም መቅደም አለበት።

ፍሪጁ የተለየ ነገር አለው። በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ዓይነት መጭመቂያ ሞተር የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው በሙቀት ነው፤ አሞኒያና ውሃ ሲፈላ፣ አሞኒያው ተለይቶ ወጥቶ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ ይቀዘቅዛል። ይህን በ1922 በስቶክሆልም የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ፈሳሹ የሚመለሰው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ ተጎታቹ ዘንበል ብሎ ከቆመ ፈሳሹ በማፍያው ላይ ይቀርና ይቃጠላል፣ ቱቦውም ይደፈናል፣ ይህም በጥገና አይመለስም። ስለዚህ ቆመን ስናስተካክል የምናስተካክለው ለእንቅልፋችን ምቾት ብቻ አይደለም። በውጭው በር በኩል የአሞኒያ ሽታ ወይም ቢጫ ዱቄት ከታየ ፍሪጁን ወዲያው ማጥፋት ይገባል። አዲሶቹ ቤቶች በአብዛኛው በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ መጭመቂያ ፍሪጅ ይዘው ይመጣሉ፤ እርሱ መዘንበል አያስጨንቀውም፣ ባትሪውን ግን ሌሊቱን ሙሉ ይበላል።

ጋዙን ሲከፍቱ ቀስ ብሎ ነው። ሲሊንደሩ በኃይል ከተከፈተ፣ ቱቦ ተበጥሶ ጋዝ እንዳይፈስ የተሠራው መከላከያ ቱቦው እንደተበጠሰ ቆጥሮ ፍሰቱን ያጠበዋል፤ ምድጃው በጥቂቱ ይነዳል፣ ማሞቂያና ፍሪጅ ግን እምቢ ይላሉ። መድኃኒቱም ዘግቶ ጥቂት ቆይቶ በዝግታ እንደገና መክፈት ነው። መጋጠሚያዎቹ የሚፈተሹት በሳሙና ውሃ ነው፣ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቼ ስለማውቅ ነው ይህን የምለው። የጋዝ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ የተተከለው ጋዙ፣ ማለትም ፕሮፔን፣ ከአየር ስለሚከብድ ነው፤ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑም በጀርባው ተጽፏል።

በውሃው በኩል፣ ሙቅ ውሃው ለብ ሲል ከውጭው ሻወር ይጀመር ያልሁት ሁለቱም ቧንቧዎቹ ተከፍተው በመያዣው ብቻ ከተዘጉ ቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ስለሚሻገር ነው። ቀጥሎ የሚታየው የውሃ ማሞቂያው ማለፊያ ቫልቭ ነው፤ ለብርዱ ወራት ቧንቧው ውስጥ በረዶ እንዳይሠራ የሚከላከል ሮዝ ፈሳሽ ሲሞላ ይዞርና በጸደይ ሳይመለስ ይቀራል። ታንኩ ባዶ ሳለም የኤሌክትሪኩን ማሞቂያ ማብራት አይገባም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ቧንቧ ሳይከፈት ፓምፑ በየጊዜው ቢነሣ የሆነ ቦታ ይፈሳል ማለት ነውና ከሽንት ቤቱ ቫልቭ ጀምሮ መፈለግ ነው። የቆሻሻው ታንክ ቫልቭ እስኪሞላ ተዘግቶ ይቆይ፤ የታንኩ ጠቋሚ ግን ወረቀት ሲለጠፍበት ሙሉ ነው እያለ ስለሚዋሽ ብዙ አትመኑት።

በመጨረሻ የማነሣው ፍሬኑን ነው፤ ከባድ መኪና ለነዳነው ሰዎች ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የጭነት ተሳቢ ፍሬን በአየር ይሠራል፣ የአብዛኛው ፊፍዝ ዊል ፍሬን ግን በኤሌክትሪክ ማግኔት ነው፤ እያንዳንዱ ጎማ ውስጥ ያለው ማግኔት 3 አምፔር ገደማ ሲስብ፣ ባለ ሁለት አክስሉ በድምሩ 12 ያህል ይወስዳል። በገመዱ ላይ የሚያዝ አምፔር መለኪያ በ12 ፋንታ 7 ካነበበ ፍሬኑ ይዟል ነገር ግን በግማሽ ኃይል ነው፤ የፍሬን ሸራው ከመለወጡ በፊት ከወለሉ በታች ያሉት የገመድ መጋጠሚያዎች ይታዩ። ኩሽኔታውም በዓመት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ግሪሱ ይለወጥ።

ተጎታቹ ከመኪናው ቢለያይ ደግሞ ፍሬኑን የሚይዘው የራሱ ባትሪ ነው፤ ከመኪናው ጋር በገመድ የታሰረችው ፒን ስትነቀል ማግኔቶቹ በባትሪው ይያዛሉ። የፌደራሉ ደንብ በንግድ ተጎታቾች ላይ ፍሬኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ እንዲይዝ ያዛል፤ የእኛ ቤት የንግድ ባይሆንም እኔ ይህንኑ ልክ ይዤ እሄዳለሁ። ፍተሻው ቀላል ነው፤ አንገቱ በመያዣው ላይ ተቆልፎ ሳለ የመብራቱን መሰኪያ ንቀሉ፣ ፒኗን ሳቡ፣ ከዚያም መኪናውን በዝግታ ወደፊት አንቀሳቅሱ። የተጎታቹ ጎማዎች ካልያዙ ያን ቀን አትውጡ፤ ባትሪውንና ገመዱን መርምሩ። ከያዙም ፒኗን ወዲያው መልሱ፣ ማግኔቶቹ ብዙ ሲቆዩ ይግላሉና። ለዛሬ በዚሁ ላብቃ፤ ሰላም ሁኑ።