ቢጫው ሲበራ ስንት ሜትር ላይ ናችሁ?

(ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። አንድ ባጃጅ ወደ መስቀለኛው መንገድ እየቀረበ ነው።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ?

ሰዓቱን አያችሁት? ድሬ ሱቋን ዘግታ ወደ ቤቷ የምትገባበት ሰዓት ነው። ምሳ አለ። ጥላ አለ። ጫቱም ከአወዳይ ገብቷል። ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ልክ አሁን አረንጓዴው ጠፋ፤ ቢጫው በራ።

ባጃጁ ምን ያድርግ?

ብዙዎቻችን ቢጫን «ቶሎ እለፍ» ብለን ነው የምናነበው። አይደለም። ቢጫ ማለት ቁም ማለት ነው። ማለፍ የሚቻለው መብራቱ ሲበራ ለማቆሚያው መስመር በጣም ከመቅረባችሁ የተነሳ ያለ አደጋ መቆም ካልቻላችሁ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የወጣው የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም የሚለው ይህንኑ ነው።

«በጣም መቅረብ» ስንት ሜትር ነው? እንቁጠረው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዱ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳላችሁ። ቢጫውን አይታችሁ እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። 11 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑም ጎማውም ደህና ከሆነ፣ ለመቆም 9 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። በድምሩ 20 ሜትር። በ50 ስትነዱ ደግሞ ወደ 28 ሜትር ይደርሳል።

ስለዚህ በ40 እየነዳችሁ መስመሩ 30 ሜትር ከራቀ መቆም ትችላላችሁ፤ ቁሙ። 10 ሜትር ላይ ከሆናችሁ ግን ፍሬን ላይ አትዝለሉ፤ እያያችሁ እለፉ። ቢጫው ብዙ ጊዜ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይቆያል። ያ ጊዜ የተሰጠው መቆም ላልቻለ ሰው ነው። ከሩቅ አይቶ ነዳጅ ለሚሰጥ አይደለም።

ድሬ ላይ ደግሞ አሸዋውን ጨምሩበት። ስስ አሸዋ የለበሰ አስፋልት ላይ ጎማ ይንሸራተታል፤ 20ው ሜትር አይበቃም። ባጃጅ ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ነው። እየታጠፈ በድንገት ፍሬን ከተያዘ ይገለበጣል። ቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ነው ያለው።

እኔ ይህ ነገር ልቤ ውስጥ የገባው ተሳፋሪ ሆኜ ነው። ቢጫ በራ፤ ሾፌራችን ቆመ። ከኋላችን ያለው ክላክሱን ለቀቀው። «ሂድ አቦ! ምን ገተረህ?» ሾፌራችን ዝም። አንዲት እናት ዘንቢል ተሸክማ፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ተራዋ ሳይደርስ ዜብራው ላይ ወጥታ ነበር። ልጁ ከፊት ጎማችን አንድ ክንድ ርቀት ላይ አለፈ። አንዱ ሸበጡ ወልቆ ቀረ። ተመልሶ አነሳው።

ከኋላ ያለው ሰው ርቀቱን መጠበቅ የእሱ ግዴታ ነው። ክላክሱ እናንተን መግፋት የለበትም።

አንድ ልማድ ልንገራችሁ። አረንጓዴው ከበራ ቆይቶ ከሆነ ሊጠፋ ነውና ከሩቁ ነዳጅ ቀንሱ፣ በስፖኪዮ ወደ ኋላ እዩ። ቢጫው ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ተጠንቅቃችሁ እለፉ።

(ምስል፦ ባጃጁ እንደገና። ከጎማው እስከ መስመሩ ቀስት ይሳላል።)

ባጃጃችን በ40 እየሄደ ነበር። መስመሩ 35 ሜትር ይቀረዋል። ይቆማል።