አድለር በምክር ክፍል ውስጥ፦ ከዝነኛው ክፍል ይልቅ የሚጠቅመው

የተከበራችሁ የትምህርት ቤትና የዩኒቨርሲቲ አማካሪዎች፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤

የሥነ ልቦና ሊቁ አልፍሬድ አድለር ሲነሳ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያስታውሳል። አንደኛው “የበታችነት ስሜት” የሚለው ሐረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በኩሩ እንዲህ ነው፣ መካከለኛው እንዲያ ነው፣ የመጨረሻው ይሞላቀቃል የሚለው ዝርዝር ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች አዛብተው ይጠቅሱታል፤ ሁለተኛው ከትምህርቱ ሁሉ ደካማው ነው። እኔ ዛሬ የምቆመው ለሦስተኛው፣ ብዙም ለማይወራለት ክፍል ነው፤ ተመካሪው ፊታችን ተቀምጦ ሳለ ምን ብለን እንደምንጠይቅና የሰማነውን ምን እንደምናደርገው ለሚያስተምረው።

ስለ ሰውየው ባጭሩ ልናገር፤ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አድለር በ1870 በቪየና ዳርቻ ተወለደ። ልጅ ሳለ ሪኬትስ (አጥንትን የሚያለሰልስ በሽታ) ስለነበረበት እንደ እኩዮቹ መሮጥ አይችልም ነበር፤ ታናሽ ወንድሙም በዲፍቴሪያ ሞተበት። በ1895 በሕክምና ተመርቆ የዓይን ሐኪም ሆነ፤ ቆይቶ በፕራተር መዝናኛ አቅራቢያ ጠቅላላ ሕክምና መስጠት ጀመረ። ከታካሚዎቹ መካከል የሰርከስ ሠራተኞች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በልጅነት ደካማ የነበረውን አካላቸውን በልምምድ እንጀራ መብያ ያደረጉ ናቸው። በ1902 የሥነ ልቦና ትንተናን የመሠረተውን የፍሮይድን የረቡዕ ስብሰባ ተቀላቀለ፤ በ1911 ተለያዩ።

የተለያዩበትን ነጥብ መያዝ ይገባል፤ የምክር ሥራው ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። ፍሮይድ ሰውን ከኋላ የሚገፋውን ኃይል ይፈልጋል። አድለር ግን ሰውየው ወዴት እያመራ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተና በደረሰ ቁጥር ራሷን ያማታል እንበል። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ በእርግጥ ያማታል። ነገር ግን ከሕመሙ ጋር ተፈትና ብትወድቅ “አልቻለችም” የሚላት የለም፤ “አሟት ነው” ይባልላታል። ሕመሙ ክብሯን ይጠብቅላታል ማለት ነው፤ እሷ ግን ይህን አስባ አላቀደችውም።

እዚህ ላይ የበታችነት ስሜት ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። ሕፃን ሁሉ ትንሽና ደካማ ሆኖ ስለሚጀምር ስሜቱ የማይነካው ሰው የለም፤ ለመማርና ለመሥራት የሚያነሳሳንም እሱ ነው። ችግር የሚሆነው ሰው አለመቻሉን ላለመሞከር ምክንያት አድርጎ ለራሱና ለሌላው ማቅረብ ሲጀምር ነው። የሚኩራራውና ሌላውን የሚያንቋሽሸውም ከዚሁ ስሜት የሚሸሽ ነው፤ አድለር የሁለቱን ሥር አንድ አድርጎ ነው ያየው።

ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ገደማ ስለ ራሱ፣ ስለ ሰዎችና ስለ ዓለም አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል። ይህን አድለር የአኗኗር ስልት ይለዋል። በአራት ባዶ ቦታዎች ልንጽፈው እንችላለን፦ “እኔ … ነኝ፤ ሰዎች … ናቸው፤ ዓለም … ናት፤ ስለዚህ …”። ልጁ መደምደሚያውን በቃል አያውቀውም፤ ይኖረዋል እንጂ። ስልቱ የሚፈተነው ደግሞ በሦስት የሕይወት ግዴታዎች ነው፤ በሥራ፣ በወዳጅነትና በፍቅር። ሰው ሦስቱን ለመወጣት የሚረዳው ለማኅበረሰቡ ያለው የእኔነት ስሜት፣ ማለትም ማኅበራዊ ስሜት ነው። ይህን ከይሉኝታ ጋር እንዳናምታታ አደራ። በይሉኝታ “እሺ” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ ራሱ መልክ ነው፤ ማኅበራዊ ስሜት ያለው ሰው ሲያስፈልግ “አይሆንም” ይላል።

አሁን ወደ ዝነኛው ዝርዝር። በ2015 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በጀርመን ከ20,000 በላይ ሰዎችን መረጃ መርምሮ የልደት ቅደም ተከተል ከስሜት መረጋጋት፣ ከተግባቢነት ወይም ከጥንቃቄ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ነገር አላገኘም። በአእምሮ ችሎታ ረገድ ለቀዳሚዎቹ የሚያደላ በጣም ጥቂት ልዩነት ብቻ ነው የታየው። ስለዚህ “በኩር ስለሆንክ ኃላፊነት ትወዳለህ” የሚል አማካሪ ከኮከብ ቆጣሪ ብዙም አይርቅም። አድለር ራሱ ያሰመረበት ከቁጥሩ ይልቅ ልጁ በቤቱ ውስጥ አለኝ ብሎ ያሰበውን ቦታ ነው። እኛ ዘንድ ይህ የበለጠ ይሠራል። የአጎት ልጅ ከገጠር መጥቶ አብሮ በሚያድግበት ቤት፣ የአያት ልጅ በሚባለው ዘንድ፣ እናቱ ዐረብ አገር ሠርታ እየላከች አክስቱ ባሳደገችው ልጅ ዘንድ “ስንተኛ ልጅ ነህ?” የሚል ጥያቄ የሚያስገኘው ጥቂት ነው። በምትኩ 6 ወይም 7 ዓመት ሲሆነው ቤቱ ውስጥ እነማን እንደነበሩ፣ ማን ይወደስ፣ ማን ይቆጣ፣ ማን ከማን ጋር ያብር እንደነበር ጠይቁ፤ “አንተን በጣም የማይመስልህ የትኛው ነበር?” በሉት። ቅጹ ላይ የሞላነውን ቁጥር ከዚያ በኋላ እርሱት።

የምክሩ ሂደት አራት ምዕራፎች አሉት፦ ግንኙነት መመሥረት፣ መመርመር፣ ማስተዋልን ማገዝና አዲስ አቅጣጫ ማስያዝ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲዘለል ነው። አማካሪው አንድ ነገር ሲገባው ደስ ይለውና ወዲያው ይናገራል፤ ተመካሪው ደግሞ በአክብሮት “ልክ ነው” ብሎ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይመጣ ይቀራል።

በምርመራው መጀመሪያ የምትጠየቅ አንዲት ጥያቄ አለች፤ የአድለርን ሥራ አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋው ሩዶልፍ ድሬይከርስ አዘውትሮ ይጠቀምባት ነበር። “ይህ ችግር ባይኖርብሽ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?” ተማሪዋ “እፎይ ብዬ እተኛ ነበር” ካለች ሐሳባችንን ወደ አካላዊ ሕመም እናዘንብላለን። “ተፈትኜ ከቤት ርቄ እማር ነበር” ካለች ደግሞ የምትሸሸው ምን እንደሆነ ፍንጭ ሰጠችን። ጥያቄዋ ግን የሐኪም ምርመራን አትተካም፤ ራስ ምታት ያለበትን ሰው መጀመሪያ ጤና ተቋም ላኩት።

ብዙ የምቆይበት የልጅነት ትዝታ ላይ ነው፤ አድለር ካወረሰን መሣሪያ ሁሉ ይህን የሚስተካከል አላውቅም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሥርዓቱን መጠበቅ ግን ይከብዳል። ተመካሪው ከ8 ዓመቱ በፊት የሆነ፣ ራሱ የሚያስታውሰውን አንድ ነገር እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ቢያንስ 3፣ ቢቻል 6 ትዝታ ሰብስቡ። “እሁድ እሁድ አያቴ ቤት እንሄድ ነበር” ትዝታ አይደለም፤ የልማድ ወሬ ነው። “አንድ እሁድ አያቴ ቤት ስንሄድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ” ትዝታ ነው። “እናቴ እንደነገረችኝ” የሚልም አይቆጠርም። የሚለውን በራሱ ቃል ጻፉ፤ አታሳምሩት። ሲጨርስ ሁለት ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ፦ “እንደ ፎቶ ቢቆም የቱ ቦታ ላይ ይቆማል?” እና “እዚያ ቦታ ላይ ምን ተሰማህ?” ያለ ስሜቱ የተጻፈ ትዝታ ግማሽ ነው። ጭቃ ውስጥ የቀረው ጫማ አንዱን ያስቀዋል፤ ሌላውን እስከ ዛሬ ያሳፍረዋል።

ስታነቡት ይህን ተመልከቱ። ልጁ ይሠራል ወይስ ይሠራበታል? ብቻውን ነው ወይስ ከሰው ጋር? ሌሎቹ ያግዙታል፣ ያሾፉበታል ወይስ ጭራሽ አያዩትም? መጨረሻው በማን እጅ ነው? ከዚያ ከትዝታ ወደ ትዝታ የሚደጋገመውን ፈልጉና አራቱን ባዶ ቦታዎች በእርሳስ ሙሉ። በእርሳስ ያልኩት ስለምትሰርዙት ነው። ከአንድ ትዝታ ብቻ መደምደም ክልክል ነው።

“ትዝታው እውነት ባይሆንስ?” የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። አድለር የራሱን ነገር ተናግሯል። ትምህርት ቤት ሲሄድ በመቃብር ስፍራ ማለፍ ያስፈራው ስለነበር፣ ፍርሃቱን ለማሸነፍ እየደጋገመ መቃብሩን አቋርጦ ይሮጥ እንደነበር ያስታውስ ነበር። 35 ዓመት ሲሆነው ያገኘው የያኔ ጓደኛው ግን በዚያ መንገድ መቃብር ኖሮ እንደማያውቅ ነገረው። ትዝታው ፈጠራ ነበር፤ ሰውየው ፍርሃትን እንዴት እንደሚጋፈጥ ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የሚነበበው አመራረጡ ነው።

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። ትዝታው ውስጥ ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከመጣ ትርጓሜውን አቁሙ። “ከዚህ ምን ደመደምክ?” የሚል ጥያቄ በዚያ ሰዓት ጥፋቱን ወደ ተጎጂው ያዞራል። ደኅንነቱን አረጋግጡ፣ አድምጡ፣ በዚህ ለሠለጠነ ባለሙያ አስተላልፉ። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ ያለበትም ሰው እንዲሁ ነው፤ ስለ አኗኗር ስልት የሚወራበት ሰዓት አይደለም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ ግምታችሁን እንደ ጥያቄ አቅርቡ፦ “ምናልባት ካልበለጥኩ አልታይም ብለሽ አስበሽ ይሆን?” ድምፃችሁ ጭምር ይጠይቅ። ልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ሳታስበው ፈገግ ትላለች ወይም ዝም ብላ ታያችኋለች። ካልሆነ “አይ፣ እንደሱ አይደለም” የማለት መብቷ ሊሰማት ይገባል። ዕድሜያችሁ ወይም ማዕረጋችሁ ከሷ በላይ ከሆነ “አይ” ማለት እንደሚከብዳት አትርሱ፤ ሁለት ግምት አቅርባችሁ እንድታርም አድርጓት። ከእናንተ ለሚበልጡ ሰው ደግሞ “ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ” ብላችሁ ጀምሩ።

በአራተኛው ምዕራፍ ዋናው ነገር ማበረታታት ነው፤ ይህን ከውዳሴ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። “ጎበዝ!” የሚባለው ውጤት ከመጣ በኋላ ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው ተናጋሪው ነው። ማበረታታት ለወደቀም ይሆናል፦ “ሁለተኛውን ጥያቄ በሌላ መንገድ ሞክረሽዋል፤ እስከዚህ መስመር ልክ ነበርሽ።” የምትሰጡት የቤት ሥራ ትንሽና የተወሰነ ይሁን። “በራስሽ ተማመኚ” ሥራ አይደለም። “ሐሙስ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ጥያቄ እንደማይፈራ ሰው ሆነሽ ጠይቂ” ሥራ ነው። ሳይሠራ ከመጣ ሥራው በዝቷልና በግማሽ ቀንሱት፤ ስለ ስንፍና አትስበኩ።

ተመካሪዋ የድሮ ልማዷን ራሷ እንድትይዘው ስታሠለጥኗትም ቅደም ተከተሉን አስቀድማችሁ ንገሯት። መጀመሪያ የምታስተውለው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው፤ ቀጥሎ መሃሉ ላይ፤ በመጨረሻ ከመጀመሩ በፊት። ይህን ያልተነገራት ሰው በመጀመሪያው ሳምንት “ይኸው እንደገና አደረግኩት” ብላ ትተወዋለች፤ እሷ ግን በደንብ ጀምራ ነበር።

ለትምህርት ቤት አማካሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። አድለር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቪየና የሕፃናት ምክር ጣቢያዎች ከፍቶ መምህራን ባሉበት ይሠራ ነበር፤ ጣቢያዎቹ በ1934 የፖለቲካው ነፋስ ሲለወጥ ተዘጉ። ከዚያ ሥራ ተነስቶ ድሬይከርስ የሚያስቸግር ልጅ ከአራት ግቦች አንዱን ይከተላል አለ፦ ትኩረት፣ ሥልጣን፣ በቀል፣ ወይም “አልችልም ተዉኝ” ማለት። የቱ እንደሆነ ለመገመት መምህሩ የራሱን ስሜት ይይ። ከሰለቸው ትኩረት ነው፤ “ማን እንደሆንኩ አሳየዋለሁ” ካሰኘው ሥልጣን ነው፤ ልቡ ከተጎዳ በቀል ነው፤ ተስፋ ከቆረጠ አራተኛው ነው። ክፍፍሉ የሚሠራው በይበልጥ ለትንንሽ ልጆች ነው፤ ጎረምሳን በአራት ሳጥን መክተት አይቻልም።

ከዕረፍት በኋላ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ትሠራላችሁ። እያንዳንዳችሁ ለማያውቃችሁ ሰው ለመንገር የማይከብዳችሁን 3 የልጅነት ትዝታ ምረጡ። አድማጩ በተናጋሪው ቃል ይጽፋል፣ ስሜቱን ይጠይቃል፤ ለዛሬ ምንም አይተረጉምም። እርሳስ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ።