ቦርከና ዳር ያለችው እንግዳ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከኮምቦልቻ ነኝ። ስለ አንዲት ወፍ ላወራችሁ ነው።

ሰው ሲጠፋብን «የመስቀል ወፍ ሆንክ እኮ» እንላለን አይደል? ልጅ ሆኜ ያቺ ወፍ ከሩቅ አገር የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ የትም አትሄድም! እኛ ሰፈር የመስቀል ወፍ የምንለው ጥቁርና ቢጫው፣ በጋውን ሙሉ እዚሁ ነው። ላባው ደብዝዞ ድንቢጥ ስለሚመስል አናውቀውም። በዝናቡ ወራት ቀለሙን ሲለብስ ነው «መጣ» የምንለው።

እውነተኛዋ እንግዳ፣ በእንግሊዝኛ «የሎው ዋግቴይል» የሚሏት ወፍ፣ ግን ሳትታይ ነው የምትገባው።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ቦርከና ወንዝ ዳር ወረድኩ። ጥቅምት ነው፣ ሣሩ ገና እርጥብ ነው፣ ከብቶች ተሰማርተዋል። ከአንዲት ጥጃ አፍ ሥር፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ ቀጭን ወፍ ትራመዳለች። እንደ ድንቢጥ አትዘልም፣ በእግሯ ነው የምትሄደው። ቆም ስትል ረጅሙን ጭራዋን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ጥጃዋ እግሯን ስታነሳ ዝንብ ብር ይላል፤ ወፏ ቀለብ! ብዙ እንዳልቀርብ ስጠነቀቅ እረኛው ልጅ አየኝና «አብሽር ጋሼ፣ እሷ የከብቶቹ ናት፣ አትፈራም» አለኝ።

ክብደቷ 17 ግራም ገደማ ነው። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። በዚያች አቅሟ ከሩሲያ፣ ከካዛክስታን፣ ከቱርክ አካባቢ ተነስታ፣ በረሃና ባሕር አቋርጣ ትመጣለች። ብርዱን ብቻ ሸሽታ አይደለም። እዚያ ክረምት ሲገባ የምትለቅመው ነፍሳት ይጠፋል። የእነሱ ክረምት ደግሞ የእኛ በጋ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ አለባበሳቸው ነው። ሲመጡ የመንገድ ልብስ የለበሱ ይመስል ደብዘዝ ብለው ነው። ከጥር ወዲህ ላባቸውን ይቀይራሉ። መጋቢት ላይ የወንዱ ቢጫ እንደ አደይ ይደምቃል፤ ጭንቅላቱ እንደ ከሰል የሚጠቁርም ዘር አለ። ልክ አምሮበት ሲያበቃ፣ ሚያዝያ ላይ ይሄዳል። ሰርጉ እዚያ ነዋ!

ልጅ ሆነን ኳስ የምንጫወትበት ያ እርጥብ ሜዳ አሁን ግማሹ ታጥሯል። ያሳስበኛል። ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ቆርቆሮ አጥር ላይ ስታርፍ ማየት አልፈልግም።

ድምጿን በስልኬ ቀድቼዋለሁ። እረኛው ልጅ እስክጨርስ ከብቶቹን አልነዳም፤ እግዜር ይስጠው። መጀመሪያ የሚሰማው የጥጃዋ ግጦሽ ነው። ቀጥሎ አጭር ጩኸት አለ፣ እሷ ናት። ስሙልኝ።

[የወፍ ድምፅ]