ውሃ የሌለበት ጥምቀት? የኩዌከሮች ክርክር

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ! ባለፈው ኩዌከሮችን ሳነሳ ኮመንቱን የሞላው ምን መሰላችሁ? «የአጃው ድርጅት ናቸው?» አይደሉም! አጃው ስሙን ነው የወሰደው፤ ከእምነቱ ጋር ዝምድና የለውም። ተግባባን? እሺ።

ኩዌከሮች በ1650ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ በጆርጅ ፎክስ ዙሪያ የተሰባሰቡ ክርስቲያኖች ናቸው። በውሃ አያጠምቁም። አያቆርቡም። ለምን?

አንዲት እናት አስቡ። ልጇ ውጭ አገር ነው። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ትጠርግና ትስመዋለች። አንድ ቀን ልጁ ራሱ ሻንጣውን እየጎተተ ከች አለ። አሁን ማንን ትሳም? ኩዌከሮች «ውሃው ፎቶው ነው፤ መንፈስ ቅዱስ ልጁ ነው፤ ልጁ ደግሞ ቤት ገብቷል» ባዮች ናቸው። ምሳሌውን እወደዋለሁ፣ የራሴ ስለሆነ ይሆናል። ግን ቆይ! ልጄ መጣ ብላ ፎቶውን ከግድግዳ ያወረደች እናት አይታችኋል? እኔ አላየሁም። ተቃዋሚዎቻቸውም የሚይዟቸው እዚችው ላይ ነው።

«ጥምቀትን ክደዋል» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። አልካዱም። እደግመዋለሁ፣ አልካዱም! የኩዌከሮቹ የሃይማኖት ሊቅ ሮበርት ባርክሌይ በ1676 በላቲን ባሳተመው መጽሐፍ የተሟገተው ስለ ጥምቀት ነው። የዮሐንስ በውሃ፣ የክርስቶስ በመንፈስ ነው አለ። ጳውሎስ «አንዲት ጥምቀት» ብሏል አይደል? በጸሎተ ሃይማኖት ስንላት ያደግናት ቃል! ባርክሌይ ግን አንዲት ከሆነችማ የመንፈሷ ናት፣ ውሃው ቀርቷል ይላል። ያው ቃል፣ ተቃራኒ መደምደሚያ። ማቴዎስ 28ን ታውቁታላችሁ፤ እዚያም «ውሃ» የሚል የለም ይላሉ። እንለፈው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አሁን።

እርስ በርስም ተጣልተውበታል። በ1880ዎቹ ዴቪድ አፕዴግራፍ የሚባል የኦሃዮ (አሜሪካ) ሰባኪያቸው በውሃ ተጠመቀና ጉድ ፈላ። በ1887 ሪችመንድ፣ ኢንዲያና ተሰብስበው የቀድሞውን አቋም አጸኑ።

የእኛው ጃንደረባስ? ሐዋርያት ሥራ 8። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ኩዌከሮች «የሽግግር ጊዜ ነበር፤ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ገርዞታል፣ ዛሬ ግን ግዝረት ግዴታ ነው ትላላችሁ?» ብለው ይመልሳሉ። ጎበዝ መልስ ነው። እኔን ግን አላሳመነኝም። ፊልጶስ «ውሃው ይቅርብህ» ማለት ይችል ነበር። አላለውም፤ ሰረገላው ቆመ፣ ሁለቱም ወደ ውሃው ወረዱ።