ገጽ 112 ላይ የቀረው መጽሐፍ

ክቡራትና ክቡራን የማኅበራችን አባላት፣ ውድ መምህራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ወላጆች፣ እንዲሁም የኋለኛውን ረድፍ የያዛችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የሥራ ዘገባውንና የሒሳቡን ነገር ዋና ጸሐፊያችን ያቀርቡታል። እኔ ስለ አንድ ልጅ ላውጋችሁ።

ልጁ ቢበዛ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። እሠራበት ወደነበረው ቤተ መጻሕፍት በየሳምንቱ ይመጣና አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ሙሉ “ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው!” ስል ከረምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከጀርባው ሳልፍ ግን በትልቁ መጽሐፍ መሐል ሌላ ትንሽ መጽሐፍ ተሸሽጎ አየሁ። ሽፋኑ በጋዜጣ ተለብጧል። ልጁ ደንግጦ የገጹን ጥግ አጠፈና ዘጋው። እኔም ቀማሁት። “የተላክህበትን ስትጨርስ ትወስደዋለህ” አልኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጁ አልመጣም። መጽሐፉ መሳቢያዬ ውስጥ ወራት ካስቆጠረ በኋላ፣ አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ገለጥ አደረግኩት፤ የመዝጊያው ሰዓት ማለፉን የነገረኝ የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ታሪኩን የሚተርከው ታላቅ ወንድሙ ከቤት የጠፋበት ልጅ ነው። ጥጉ የታጠፈው ገጽ 112 ላይ ነበር። ወንድምዬው ተመልሶ በሩን የሚያንኳኳው ገጽ 113 ላይ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ለንስሐ ብቻ አይደለም። ለአፍላ ወጣቶች የተጻፈ ልቦለድ ምን እንዳለው የገባኝ ያን ዕለት ስለሆነ ነው። እኛ የምናደንቃቸው ብዙዎቹ ልቦለዶች የልጅነትን ነገር የሚያወሩት ወደ ኋላ ዞረው፣ ቁስሉ ከሻረ በኋላ ነው። ተራኪው አድጓል፤ መጨረሻውን ያውቃል፤ ፈገግ ሊልበት ሁሉ ይችላል። የአፍላ ወጣቶች ልቦለድ ተራኪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ መሐል ቆሟል። የመጀመሪያ ፍቅሩ፣ የመጀመሪያ ክህደቱ፣ የመጀመሪያ ሐዘኑ ነው፤ እንደሚያልፍ የነገረው የለም፤ ቢነግሩትም አያምንም። አሥራ አምስት ዓመት የሞላው አንባቢ የሚፈልገው ይህንኑ ድምፅ ነው። በዚያ ላይ ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ የሚቆሙትም ለመዝጋት እጅ በማይታዘዝበት ቦታ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እንዲህ ቢወስዳቸው ምን ከፋን?

ይህ ዘርፍ ራሱ ከወጣት ብዕር ብዙ ያገኘ ነው። ኤስ. ኢ. ሂንተን የተባለችው አሜሪካዊት “ዘ አውትሳይደርስ” የተሰኘውን ልቦለድ መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ነው። በዙሪያዋ የምታየውን የእኩዮቿን ሕይወት የሚናገር መጽሐፍ አጥታ ራሷ ጻፈችው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። አሳታሚዎቹ ደራሲዋ ሴት መሆኗን የመጻሕፍት ሐያስያን ካወቁ መጽሐፉን ይንቁታል ብለው ሰግተው ስሟ በመነሻ ፊደላት እንዲያጥር አደረጉ። መጽሐፉን ሳንገልጥ ስንገምት እንዲህ ነን!

“ቀላል ነው፣ ጨለማ ይበዛበታል” የሚል ወቀሳ በየዓመቱ ይደርሰኛል። ደካማ መጽሐፍ ሞልቷል፤ አልክድም። ደም የሚመጥጡ መልከ መልካም ወጣቶች ያሉባቸውን አምስት መጻሕፍት በተከታታይ አንብቤ ስድስተኛው ላይ እጄን ሰጥቻለሁ። ግን ለአዋቂ ከተጻፈውስ ስንቱ ነው ጠንካራ? ጨለማውን በተመለከተ ደግሞ፣ ልጁ ወላጆቹ ሲጣሉ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ይሰማል፤ መጽሐፉ ያመጣበት አዲስ ነገር የለም።

ፈረንሳዊው ደራሲና መምህር ዳንኤል ፔናክ እ.ኤ.አ. በ1992 የአንባቢን አሥር መብቶች ሲዘረዝር አንደኛ ያደረገው ያለማንበብን መብት ነው። ገጽ መዝለል፣ ጀምሮ መተው፣ ያሻን ማንበብም ከመብቶቹ መካከል ናቸው። እኛ አዋቂዎች እነዚህን ሁሉ በየቀኑ እንጠቀምባቸዋለን። ለልጆቻችን ግን መጽሐፉን የምንሰጣቸው ከማጠቃለያ ጽሑፍ ጋር አዳብለን ነው።

ለዘንድሮ የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። የአፍላ ወጣቶችን መጻሕፍት ከሕፃናት መደርደሪያ አውጡልን፤ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ጥንቸል ከተሳለበት መደርደሪያ ፊት ቆሞ መታየት አይፈልግም። ከምትገዙት መጽሐፍ ሁለት ሁለት ቅጂ ግዙ፤ ልጅ መጽሐፍን የሚወደው አብዛኛውን ጊዜ ከጓደኛው ጋር ሲያወራበት ነውና። እያንዳንዳችሁም አንድ ልጅ የመረጠላችሁን መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። ምርጫው የእርሱ ይሁን፤ እናንተ አስተያየት አትጨምሩበት።

በመርሐ ግብሩ ላይ ቀጥሎ የተጻፈው የእንግዳ ተናጋሪ ስም ወደ ከሰዓት ተሸጋግሯል፤ እርሳቸውም በደስታ ፈቅደዋል። በቦታቸው የሚናገሩት የኋለኛው ረድፍ ልጆች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የያዙትን መጽሐፍ ያስተዋውቁናል። “ከመጽሐፉ ምን ትምህርት አገኘህ?” ብሎ መጠየቅ ዛሬ ክልክል ነው። ልጆች፣ ወደ ፊት ኑ፤ የፊተኛው ረድፍ ይለቀቅላችኋል።

ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።