ግሬናዳ እና አንዲት የብድር አንቀጽ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ጉዳይ ላውራችሁ፤ ስለ ግሬናዳ እዳ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ግሬናዳ ካሪቢያን ላይ ያለች አገር ናት። ሕዝቧ ከመቶ ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ገውዝ አብቃይ ናት፤ ፍሬው ባንዲራዋ ላይ ሳይቀር አለ። በሴፕቴምበር 2004 ኢቫን የሚባል አውሎ ነፋስ መታት። 39 ሰው ሞተ። ከአሥር ቤት ዘጠኙ ተጎዳ። የገውዝ ዛፎቹ ከነሥራቸው ተነቀሉ። ገውዝ ደግሞ እንደ ጎመን ተክለው በወሩ የሚቀጥፉት አይደለም፤ ፍሬ ለመያዝ ብቻ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ጠቅላላ ጉዳቱ አገሪቱ በሁለት ዓመት ከምታመርተው ጋር ይቀራረብ ነበር።

እስቲ አስቡት። ጣሪያው ሄዷል፣ ዛፉ ወድቋል፣ ቱሪስቱ ቀርቷል። የእዳው መክፈያ ቀን ግን ንቅንቅ አላለም። በ2013 ጭራሽ መክፈል አቃታት።

ልቤን የነካው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2015 ከአበዳሪዎቿ ጋር ስትስማማ የቦንዱን፣ ማለትም ለአበዳሪዎች ሸጣ የተበደረችበትን ሰነድ፣ ዋና ገንዘብ በግማሽ ማስቀነስ ብቻ አልበቃትም። አንዲት አንቀጽ አስገባች፦ ከባድ አውሎ ነፋስ ከመታኝ ክፍያው ይዘግይልኝ። ጁላይ 1 ቀን 2024 ቤሪል የሚባል አውሎ ነፋስ መጣ። ካሪያኩ የምትባለዋን ትንሽ ደሴቷን በግማሽ ሰዓት አወደማት። ጉዳቱን የሚያሰላው የካሪቢያን አገሮች የጋራ የአደጋ መድን ስለሆነ ሙግት አልነበረም። የኖቬምበርና የቀጣዩ ሜይ ክፍያ ተላለፈ። የማንንም ደጅ ሳትጠና።

ምሕረት ግን አይደለም። ያልተከፈለው ወለድ ዋናው ላይ ተደምሮ ነገ ይጠየቃል። ቢሆንም ቆርቆሮና ምስማር በሚገዛበት ወር ብሩ እጅ ላይ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

የሚያናድደኝ፣ ይህችን አንቀጽ ለማግኘት መጀመሪያ መክሰር ነበረባት። ባርቤዶስም ያገኘችው በ2018 መክፈል ካቆመች በኋላ ነው። ለምን ገና ብድሩ ሲፈረም አትጻፍም?

እኛም በዲሴምበር 2023 የዩሮቦንዱን፣ ማለትም ለውጭ አበዳሪዎች በዶላር የሸጥነውን ቦንድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀርተናል። ድርቅ እንደ አውሎ ነፋስ በአንድ ቀን መጥቶ አይሄድም፤ ለመለካት ይከብዳል። ቢሆንም ዝናቡን የሚመዘግቡ ጣቢያዎች አሉን። ተደራዳሪዎቻችን የድርቅ አንቀጽ ይጠይቁ እላለሁ።