መንገዱ ሲመጣ የመሬቱ ዋጋ ለማን ነው የሚጨምረው?

እሱ፦ እሺ፣ የዛሬው ጉዳይ እኔን በጣም ነው የሚያሳስበኝ። ባዶውን የተቀመጠ መሬት አለ፣ መንገድ የለው ውሃ የለው ፍሳሽ የለው፣ ማንም አይነካውም። መንግስት ቀድሞ ይግባ ወይስ ባለሀብት ይጠበቅ?

እሷ፦ መጠበቁማ የትም አያደርስም። አንድ አልሚ ብቻውን ዋናውን የውሃ መስመር ከሩቅ ጎትቶ አያመጣም፣ ቢያመጣም ጎረቤቱ ሳይከፍል ይጠቀምበታል፣ ስለዚህ ሁሉም አንተ ቅደም አንተ ቅደም ሲባባል መሬቱ እዛው ይቀራል።

እሱ፦ ልክ ነሽ፣ ግን መንገድ ሊመጣ ነው ከተባለ ገና ዶዘር ሳይገባ ዋጋው ይሰቀላል አይደል? ዋጋውን ያመጣው የህዝብ ብር፣ የሚበላው ቀድሞ የሰማ ደላላ!

እሷ፦ ለዛ እኮ ነው ኮፐንሃገንን ደጋግሜ የማነሳው። እዛ ኦሬስታድ የሚባል ሰፈር አለ፣ ድሮ ሜዳ ነበር፣ መሬቱ የመንግስትና የከተማው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ህግ አወጡና ተበድረው ሜትሮ ሰሩ፣ በ2002 ባቡሩ ጀመረ፣ እዳውን ደግሞ ከመሬት ሽያጩም ይከፍላሉ ተባለ። ሽያጩ እንዳሰቡት አልፈጠነም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ዋጋው ሲጨምር መሬቱ በእጃቸው ነበር።

እሱ፦ መሬቱ የገበሬ ወይ የነዋሪ ከሆነስ? ካሳ ሰጥቶ ማስነሳት?

እሷ፦ አይ አይ፣ ካሳው መንገዱ ሳይመጣ በነበረው ዋጋ ከተሰላ ሰውየው ተበደለ ማለት ነው። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ራሱን የቻለ ህግ አላቸው፣ ባለመሬቶቹ ሁሉም ከመሬታቸው ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ ከተዋጣው ላይ መንገድና ፓርክ ይወጣል፣ የተወሰነው ተሽጦ ለስራው ወጪ ይሆናል፣ ሰውየው የሚመለስለት መሬት ያንሳል ግን መንገድ ዳር ነው፣ ውሃ አለው፣ እዛው ሰፈሩ ነው።

እሱ፦ ይሄን ወድጄዋለሁ በጣም።

እሷ፦ ደግሞ ቅደም ተከተሉ! አዲስ አስፋልት ሳይከርም ለቧንቧ ሲቆረጥ አይተህ የለ? የተለጠፈው ቦታ ይሰምጣል፣ ውሃ ያቁራል፣ ከዛ ጠርዙ እየተፈረፈረ ጉድጓድ ይሆናል።

እሱ፦ ምን ይደረግ ታዲያ?

እሷ፦ አስፋልቱ ከመንጠፉ በፊት መንገዱን አቋርጦ ባዶ ቱቦ መቅበር ነዋ። ነገ ኬብልም ውሃም በሱ ያልፋል፣ ቁፋሮ የለ ምን የለ። ወጪው ከመንገዱ አንፃር ኢምንት ነው፣ ግን ቀድሞ ፕላኑ ላይ ካልገባ ማንም አያስታውሰውም።

እሱ፦ እኔ እንደውም የቱቦው ፕላን ሳይታይ የመንገዱ ገንዘብ ባይለቀቅ ነው የምለው።